የማርታ ሳንባና ቀያዮቹ ሴሎች

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 1961 ዓ.ም.

ሠላሳ አንድ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሠላሳ አንድ። ከመቶ ነጭ የደም ሴሎች ሠላሳ አንዱ ቀያዮቹ፣ ቀለም ስነክራቸው የሚቀሉት ኢዮሲኖፊሎች፣ ናቸው። ጤነኛ ሰው ላይ ሁለት ሦስት ባገኝ ነው። ወስፋት ያለበት ሰው ላይ ስምንትም አሥርም አይቻለሁ፤ ዲላ ውስጥ ደግሞ ወስፋት ብርቅ አይደለም። ሠላሳ አንድ ግን እዚህ ከተመደብኩ ጀምሮ አላየሁም።

ደሙ የማርታ ነው። ማርታ ቡና መፈልፈያው ውስጥ ለቃሚ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ትንፋሽ አጥሯት ስትመጣ በዚህ ወር ብቻ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ዛሬ ጠዋት ሁለት ሴቶች ደግፈው አስገቧት። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጥቷል፣ የአንገቷ ሥር ተገትሯል፣ ደረቷ ያፏጫል። ለመዝገቡ ስሟን ስጠይቃት "ማር" አለችና አየር ፈለገች፤ "ታ"ው የመጣው ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው።

አቶ ሙሉጌታ አሚኖፊሊን በደም ሥሯ ቀስ አድርገው ሰጧት። የጤና ጣቢያችን ጤና መኮንን ናቸው፤ የከተማው ሰው "ሐኪም" ነው የሚላቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ማርታ ተነሣች፣ ፊቷን በሻሿ ጠረገች፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብላ በእግሯ ሄደች። ከመውጣቷ በፊት ግን ጣቷን ሁለተኛ ወጋኋት። ስትገባ የወሰድኩትንና ስትወጣ የወሰድኩትን ደም ጎን ለጎን አድርጌ ቀለም ነከርኳቸው። ስትገባ ሠላሳ አንድ። ስትወጣ ሠላሳ።

መድኃኒቱ ደረቷን ከፈተው። ቀያዮቹን ግን አልነካቸውም።

ይህን ለአቶ ሙሉጌታ ስነግራቸው ሳቁ። "ጥሩወርቅ፣ በሽተኛዋ ቤቷ ገብታ ምሳዋን በልታለች፤ አንቺ ገና ትቆጥሪያለሽ" አሉኝ። የእኔን ክፍል "ቅማል መቁጠሪያ" ነው የሚሏት። አልተናደድኩም። ማርታ ትመለሳለች። ቀኑን እዚህ የጻፍኩት ከተሳሳትኩ ራሴን እንድወቅስ ነው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

ተመለሰች። ልክ በመሆኔ ደስ ሊለኝ አልቻለም።

ከምሳ በኋላ የቡና መኪና ግቢያችን ውስጥ ገባ። ማርታ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጣ፣ ባሏ ሮባ በመስኮቱ በኩል ደግፏት። ከንፈሯ ጠቁሯል። ሮባ ከወናጎ በላይ እንሰትና ቡና ያለው ገበሬ ነው፤ አማርኛውን እየፈለገ ነው የሚናገረው። "ሲስተር፣ ትናንት ድኖ ነበር፤ ሥራ ገባ፤ ዛሬ ደግሞ ያው ነው። ምን ይሻላል?" አለኝ። ሲስተር አይደለሁም፣ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ፤ ግን እዚህ ነጭ ካፖርት የለበሰች ሴት ሁሉ ሲስተር ናት። ማረም ትቻለሁ።

አሚኖፊሊኑ ዛሬ እንደ ትናንቱ አልሠራም። ግማሽ ከፈታት፣ ግማሽ ያዛት።

አቶ ሙሉጌታ ቁምሳጥኑን ከፈቱ። እዚያ ውስጥ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን አንድ ጣሳ አለ፤ ከአዲስ አበባ ከመጣ ጀምሮ ለክፉ ቀን ብለው ቆልፈውበታል። ጣሳውን ሲያወጡ አፌ ቀደመኝ። "ከመጀመርዎ በፊት ሰገራዋን ልየው።"

"ምን?"

"ሰገራዋን። ትል ካለባት ይህ መድኃኒት አደገኛ ሊሆን ይችላል።"

ጎንደር ስንማር አንድ መምህራችን የነገሩንን ነገርኳቸው። አንዲት ትንሽ ትል አለች፣ አንጀት ውስጥ ዓመት ሙሉ ዝም ብላ የምትኖር። አንድ ሰው ለሌላ ሕመም ይህን ዓይነት መድኃኒት ሲሰጠው ትሏ ተባዝታ ከአንጀት ወጥታ ሳንባው ድረስ ሄደች፤ ሰውየው ሞተ። አቶ ሙሉጌታ ጣሳውን ይዘው አዩኝ። "ይቺ ሴት እየታፈነች ሰገራ ልጠብቅ?"

እዚህ ላይ እውነታቸውን ነው። ያለ ትንፋሽ ትል ቢኖርም ባይኖርም ምን ዋጋ አለው። ስለዚህ ተስማማን፤ መድኃኒቱ ዛሬ ይጀመር፣ ሰገራው ነገ ይምጣ። አልጋ ሰጥተናት ነበር፤ ጡት የምትጠባ ልጅ ቤት ስላለች እምቢ አለች። የምትውጠውን በወረቀት ጠቅልዬ ለሮባ ሰጠሁት። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። ሦስቱንም ጊዜ በትክክል ደገመልኝ፣ በአራተኛው እሱ እኔን ጠየቀኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 9

ስምንት!!

መጀመሪያ ስላይዱን አላመንኩም። ቀለሙ ደክሞ ይሆናል ብዬ ውኃውን ለውጬ እንደገና ነከርኩ። ሰባት። ከሠላሳ አንድ ወደ ስምንት፣ በአንድ ቀን። አቶ ሙሉጌታን ከታካሚ መሃል ጎትቼ አምጥቼ በማይክሮስኮፑ እንዲያዩ አደረግኳቸው። የሰኞውን፣ ከዚያ የዛሬውን። ብዙ ቆዩ። "የሌላ ሰው ደም አይደለም አይደል?" አሉ። ስሟን ራሴ ስላይዱ ላይ በመርፌ ጭሬዋለሁ።

ማርታ ራሷ ደግሞ ተናጋሪ ሆና መጣች። ሙሉ ዐረፍተ ነገር! እስከ ዛሬ ዝምተኛ ትመስለኝ ነበር፤ ለካ አየር አጥታ ነው። ሌሊት እንደተኛች፣ ጠዋት ርቧት የባሏን ቆጮ ጭምር እንደበላች፣ ልጆቿ እንደሳቁባት ነገረችኝ። ከዚያ ያልጠየቅኳትን ነገረችኝ። "እሑድ እሑድ ደህና ነኝ፣ ሲስተር። ቤተ ክርስቲያን ቁጭ ብዬ እዘምራለሁ፣ ምንም አይለኝም። ሰኞ ሥራ ስገባ ነው የሚይዘኝ። ጆንያው ሲራገፍ።" የደረቀው ቡና፣ ጀንፈሉ፣ ከጆንያ ወደ ማሽኑ ሲገለበጥ የሚወጣው አቧራ ማለቷ ነው። የእሷ ቦታ ማሽኑ አፍ አጠገብ ነው።

አክታዋንም አየሁት። በቀያዮቹ የተሞላ ነው፤ በመካከላቸው ደግሞ ሹል ሹል፣ ሁለት ጫፉ የተቀረጸ እርሳስ የሚመስል ጥቃቅን ክሪስታል። ከመጽሐፍ ሥዕል በስተቀር አይቼው አላውቅም ነበር።

ለራሴ እንዲህ ነው የገባኝ። አስም የአየር ቧንቧ ሲጨማደድ ብቻ አይደለም። ቧንቧው በውስጥ አብጧል፣ ቆስሏል ማለት ይቻላል። አሚኖፊሊን የተጨማደደውን ያላላል፣ እብጠቱን ግን አይነካውም። ለዚህ ነው ማርታ በአንድ ሰዓት ተሽሏት በማግስቱ የምትወድቀው። ፕሬድኒሶሎን ቀስ ብሎ ነው የሚደርሰው፤ ሲደርስ ግን ነጮቹን ሴሎች ራሳቸውን ያረጋጋል፣ ቀያዮቹም ከደሟ ይጠፋሉ። ሴሎቹ ሲረጉ እብጠቱ ይበርዳል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የእኔ ግምት ነው፤ ያለኝ መጽሐፍ እዚህ ድረስ አይሄድም። ግን ዓይኔን አምናለሁ።

ሰገራ አላመጣችም። ረሳሁ አለች። አልረሳችም፣ አፍራለች። ባዶውን የሰገራ መያዣ ዕቃ መልሼ እጇ ላይ አኖርኩና እኔም ለፈተና የራሴን ለሃያ ወንድ ተማሪ አሳይቻለሁ አልኳት። አፏን በሻሿ ይዛ ሳቀች፤ ሳቋ አላሳላትም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 10

ቀያዮቹ ሦስት። ደረቷ ላይ ጆሮዬን ባደርግም ፉጨት የለም ማለት ይቻላል።

ሰገራውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ አመጣች፤ ዕቃውን ልጆቿ ወስደው እየተጫወቱበት ነው። ወስፋት፣ እንቁላሉ ሞልቷል። እሱ አያስደንቅም። ሁለተኛው ስላይድ ላይ ግን አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ቀጭን፣ ግልጽ፣ እንደ ጅራፍ የምትወራጭ። እጭ ናት።



ቀስ በይ አልኩ ለራሴ። ሰገራው የትናንት ማታ ነው። ሁክዎርም የሚባለው ሌላው የአንጀት ትል እንቁላሉ ካደረ ይፈለፈላል፤ እጩ ከዚያችኛዋ፣ መምህራችን ከነገሩን ትል እጭ ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ አፏ ላይ ነው፤ የሁክዎርሟ አፍ ረጅም፣ የዚያችኛዋ አጭር። አዮዲን ጠብ አድርጌ ፈለግኳት፤ ከሌላ ቆሻሻ ሥር ገብታ አፏን ሳላይ ጠፋችብኝ። አንድ ሰዓት ፈለግኩ። አንገቴ ደነዘዘ።

ለአቶ ሙሉጌታ ነገርኳቸው። አልሳቁም፤ ተቆጡ። ሴትዮዋ ገና መተንፈስ ስትጀምር፣ እኔ ራሴ የደሟን መዳን በዓይናቸው ሳሳያቸው፣ አሁን ደግሞ መድኃኒቱን ያቁሙ ልላቸው ነው? "ለመሆኑ ትሏ ናት ወይስ አይደለችም?"

"አላውቅም።"

"ታዲያ ስታውቂ ንገሪኝ።"

ልክ ናቸው። ግን ማወቅ የምችለው ከትኩስ ሰገራ ብቻ ነው። ማርታን ነገ በጠዋት ሳትበላ እዚሁ እንድትመጣና እዚሁ እንድትሰጠኝ ነገርኳት። ለምን ብላ ጠየቀችኝ። አልዋሸኋትም። እንዲህ አልኳት። "እነዚህ መድኃኒቱ ያስተኛቸው ሴሎች ሳንባሽ ላይ ያለ ሥራቸው ገብተው ነው የሚያምሱሽ። ሆድሽ ውስጥ ግን ሥራ ሊኖራቸው ይችላል። ትል የሚጠብቁት እነሱ ይመስለኛል። ሁሉንም አንድ ላይ ካስተኛናቸው ትሏን ማን ይጠብቃታል?"

ማርታ ቶሎ ገባት። "በግ ጠባቂው በሌለበት ጅብ እንደሚገባው?"

እንደዚያ ነው አልኳት። ከእኔ የተሻለ አስረዳች።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 11

ጠዋት ዲላ በጭጋግ ተሸፍናለች፤ ከመስኮቴ የመንገዱ ዋርካ እንኳ አይታይም። የእኔ ማይክሮስኮፕ ብርሃን የሚያገኘው በመስታወቱ ከፀሐይ ነው። ማርታ በተባለው ሰዓት መጥታ የተባለውን አድርጋ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ትኩስ ሰገራ እጄ ላይ፣ ሰማዩ ወተት። ስላይዱን ሠርቼ መስታወቱን ወደ አንድ ወደ ሌላ አዞርኩ። ግራጫ ብቻ።

ፋኖስ አበራሁ። አይሆንም፣ ጥላው ይንቀጠቀጣል።

ጠበቅኩ። አቶ ሙሉጌታ ሁለት ጊዜ በበሩ አለፉ። የዛሬውን ፕሬድኒሶሎን በእጃቸው ይዘዋል፤ አልሰጧትም። ይህን ልብ ብያለሁ።

ሦስት ሰዓት አካባቢ ጭጋጉ ተገፈፈ፤ ብርሃኑ በአንድ ጊዜ ስላይዱ ላይ ወደቀ። አራት እጭ ቆጠርኩ። ሁሉም ሕያው፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ከወጣ ሰገራ። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሁክዎርም እንቁላል ሊፈለፈል አይችልም። አዮዲን። አንዷ ቆመችልኝ። በትልቁ ሌንስ አፏን አየሁት፤ አጭር። ሁለተኛዋ፣ አጭር። ሦስተኛዋም።

አቶ ሙሉጌታን ጠራሁ። የመጽሐፉን ሥዕል አጠገብ ዘርግቼ ነበር። አንዴ ወደ ሌንሱ፣ አንዴ ወደ ሥዕሉ። ከዚያ ቀና ብለው ክኒኑን ወደ ጣሳው መለሱት። "ልክ ነሽ" አሉ።

የተወሰነው፦

ፕሬድኒሶሎን ቆሟል። ማርታ አልጋ ትይዛለች፤ ሕፃኗም ከእሷ ጋር ትምጣ። ለደረቷ አሚኖፊሊንና የኤፌድሪን ክኒን ይያዝላት። ለትሏ የሚሆነው መድኃኒት ታያቤንዳዞል ይባላል፤ እኛ ጋ የለም። ከፍስሐ ገነት ወዲያ ያለው የሚሲዮን ክሊኒክ እንዳለው አቶ ሙሉጌታ ሰምተዋል። ደብዳቤ ጻፉ፤ ሮባ ደብዳቤውን ሸሚዙ ውስጥ ከቶ ወደዚያ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ወጣ። "ዛሬ ከሌለ ነገ፣ ነገ ከሌለ እዚያው እጠብቃለሁ" አለ።

ዛሬ ጾም ነው፤ እስካሁን አፌ ላይ ምንም አልዞረም። አከራዬ እትዬ ብዙነሽ ሽሮውን አሙቀውልኛል። ሁለት ጊዜ ጠሩኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

ደስ የማይል ቀን።

ቀያዮቹ ከሦስት ወደ አሥራ አራት ወጥተዋል። ፉጨቱ ተመልሷል። ማርታ ትራስ አቅፋ ተቀምጣ ነው የምትተነፍሰው፤ ሕፃኗ ጎኗ ተኝታለች። አሁንም ትናገራለች፣ ግን በሦስት በአራት ቃል እየቆረጠች። ስገባ ቀና ብላ አየችኝ፤ አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

በቁጥር ያመንኩ ሰው ቁጥሩ ሲጣላኝ ምን ላድርግ? ሁለቱንም አውቃለሁ፤ መድኃኒቱን ከሰጠናት ትሏ፣ ካልሰጠናት አስሙ። አቶ ሙሉጌታ "እስከ ነገ በአሚኖፊሊን እንያዛት። ከባሰባት ግን እሰጣታለሁ፤ ያን ጊዜ አትከራከሪኝ" አሉ። እሺ አልኳቸው። ከልቤ ነው።

ተቀምጬ መጠበቅ ስላልቻልኩ ከሰዓት በኋላ መፈልፈያው ሄድኩ።

እዚያ ከመግባቴ በፊት ነው የሰማሁት፣ ከመንገዱ። ማሽኑ ያገሣል። ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች መሬት ተቀምጠው ክምር ክምር ቡና በጣታቸው ይለያሉ። ሁለት ወንዶች ጆንያ ተሸክመው ማሽኑ አፍ ላይ ያራግፋሉ፤ በየአንዳንዱ ጆንያ ቡናማ ደመና ይነሣል፣ በጣሪያው ቀዳዳ በሚገባው ብርሃን ውስጥ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ቀስ እያለ በሴቶቹ ራስ ላይ ያርፋል። ትንሽ ስቆም ዓይኔ አለቀሰ፣ ጉሮሮዬን ከረከረኝ። የማርታ ቦታ ባዶ ነበር። እውነትም ማሽኑ አፍ ላይ ነው።

ካቦው አቶ ደምሴ ጆሮዬ ላይ እየጮኸ ያናግረኛል። ማርታ ሰኞ ካልገባች ሌላ ሰው እተካለሁ አለ። ሥራ አይጠብቅም፤ ከገደብ ከተማ ጭምር ሴቶች መጥተው በር ላይ ይሰለፋሉ። "ሃያ ሴት ነው የሚሠራው፣ የታመመችው እሷ ብቻ ናት" አለኝ።

"እርግጠኛ ነህ?" አልኩት። ዞሮ ሴቶቹን በጩኸት ጠየቃቸው፤ የሚያስለው አለ? ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ወደየቡና ክምራቸው አቀረቀሩ። በር ላይ የሚጠብቁትን ያውቃሉ።

ክፉ ሰው አይደለም። ወደ ቢሮው ወስዶ ውኃ ሰጠኝ፣ ስለ ደሟ ስነግረው አዳመጠኝ። ከቤቱ ውጭ፣ ነፋስ ከሚመጣበት በኩል፣ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ብትለቅምስ አልኩት። የመፈልፈያውን ባለቤት እጠይቃለሁ አለ። ባለቤቱ ሰኞ ነው የሚመጣው።

ስመለስ ማርታ ተኝታለች፤ ሮባ አልመጣም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 13

ሮባ መጣ!

መኪና አጥቶ ግማሹን መንገድ በእግሩ ነው። ጫማው ጭቃ፣ ሸሚዙ ላብ፣ ግን ጥቅሉ ደረቅ። ደረቱ ላይ በፕላስቲክ ጠቅልሎ አስሮታል። የሚሲዮኗ ነርስ ሙሉ መጠኑን ሰጥታ ከደብዳቤው ጀርባ ላይ አወሳሰዱን ጽፋለታለች፤ ጠዋትና ማታ፣ ሁለት ቀን።

አቶ ሙሉጌታ ዛሬ ዕረፍታቸው ቢሆንም ግቢው ውስጥ ነበሩ። ለምን እንደመጡ አልጠየቅኳቸውም። ክኒኖቹን ቆጥረው ራሳቸው በብርጭቆ ውኃ ሰጧት። "ይህ መጥፎ ይቀምሳል፣ ራስሽንም ያዞርሻል" አሏት። ማርታ ዋጠችው፣ ፊቷን አጨማደደች፣ "ከዚህ የባሰ ቀምሻለሁ" አለች።

አቶ ሙሉጌታ እንዳሉት አዞራት። ከሰዓት በኋላ አስመለሳት። ፈራሁ፤ ክኒኑ አብሮ ወጥቶ እንደሆነ የወጣውን አገላብጬ አየሁ። አልወጣም። ይህን ሥራ እናቴ ብታይ ምን ትላለች።

ወደ ማታ ላይ የቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች አራት ሆነው መጡ። በመስኮቱ በኩል ቆመው በጌዴኦኛ ቀስ ብለው ዘመሩላት። ማርታ አብራቸው መዘመር ፈለገች፤ አንዱን መስመር ጀምራ ትንፋሽ አጥሯት አቋረጠች። እነሱ ጨረሱላት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

አጭር ነው፣ ደክሞኛል።

ቀያዮቹ አሥራ ዘጠኝ። ደረቷ ጠባብ ነው፣ ግን እንደ ማክሰኞው አይደለም። ሦስተኛውን ጠዋት፣ አራተኛውን ማታ ዋጠች። ዛሬ አላስመለሳትም።

ትሎቹ ሲሞቱ ቀያዮቹ ይቀንሳሉ ወይስ ይጨምራሉ? ለአቶ ሙሉጌታ አነሣሁላቸው። "አንቺ ካላወቅሽ እኔ ከየት አውቃለሁ" አሉ። በቀልድ አልነበረም። ከወር በፊት እንዲህ ይሉኛል ብል ማን ያምነኛል።

አቶ ደምሴ ሰው ላከ። የመፈልፈያው ባለቤት እሺ ብሏል፣ ማርታ ስትድን ውጭ ተቀምጣ ትለቅማለች፣ "ዝናብ እስኪመጣ ድረስ" ብሏል። ዝናብ ሲመጣስ? ያን ጊዜ እንነጋገራለን። አሁን ደረቅ ወቅት ነው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 15

ዛሬ ጭጋግ የለም፤ ከጠዋቱ ጀምሮ ብሩህ ነው። ማርታ ትኩስ ሰገራ ሰጠችኝ፤ አሁን ማፈር ቀርቷል፣ "ይኸው ሲሳይሽ" ብላ ነው የምታቀብለኝ። ስድስት ስላይድ ሠራሁ። እያንዳንዱን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ እርሻ እንደሚያርስ ሰው እየተመላለስኩ አየሁ። የወስፋት እንቁላል ጥቂት። እጭ የለም። አንድም።

ይህ ማለት ትሏ አልቃለች ማለት አይደለም። ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ልትደበቅ ትችላለች። በየሳምንቱ ማየት አለብኝ፣ ቢያንስ እስከ ጥምቀት። ይህን በትልቅ ፊደል ጽፌ ለአቶ ሙሉጌታ ሰጠኋቸው። አንብበው ከማርታ ካርድ ጋር አያያዙት።

ከዚያ ጣሳውን ከፈቱ። ከበፊቱ ግማሽ መጠን፣ ለአምስት ቀን፣ እኔ በየጠዋቱ ደሟን እየቆጠርኩ። "ምን ትያለሽ?" አሉኝ። መጀመሪያ ሌላ ሰው የሚያናግሩ መስሎኝ ዞሬ አየሁ።

"ይጀመር" አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ክፍሌ ውስጥ ስላይድ ሳጥብ በሩ ተንኳኳ። ማርታ ናት፤ ከአልጋዋ ተነሥታ፣ ሕፃኗን አዝላ። ብቻዋን አይደለችም። ሻሿን እስከ ቅንድቧ ያወረደች ልጅ እግር ሴት በእጅ ይዛ ወደ ውስጥ ትጎትታታለች። ሴትየዋ ወደ ኋላ ትላለች።

"ሲስተር፣ ይቺ አብራኝ የምትለቅም ናት። ከመስቀል ጀምሮ ያስላታል፤ ካቦው እንዳይሰማ አፏን አፍና ነው የምታስለው። ልትጠይቀኝ መጥታ ስታስል ሰማኋት። እሑድ ይተዋታል ወይ ስላት ይተወኛል አለችኝ።"

ሴትየዋን አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳት። ጀርባዋ ላይ ጆሮዬን አደረግኩ። አለ። ቀጭን ነው፣ ገና ሩቅ ነው፣ ግን አለ።

በጣሳው ውስጥ የቀረው ለሁለት ሰው እንደማይበቃ አውቃለሁ። ለነገሩ ይቺኛዋ ገና አልደረሰችበትም፤ ከአቧራው ብትርቅ ብቻ ይበቃት ይሆናል። ሌሎቹ አሥራ ስምንቱስ? አቶ ደምሴ ሁሉንም ዛፍ ሥር ያስቀምጣቸዋል? አላውቅም። ነገ አቶ ሙሉጌታን ይዤ መፈልፈያው እሄዳለሁ፤ እምቢ አይሉኝም።

ጣቷን ወጋሁ። ደሙን ስላይድ ላይ አሰፋሁ። ከዚያ ከመደርደሪያው ንጹሕ ዕቃ አውርጄ እጇ ላይ ሳኖርላት ሴትየዋ ግራ ገብቷት አየችኝ። ማርታ ቀድማኝ በጌዴኦኛ ማስረዳት ጀመረች፤ ረጅም፣ ሳታቋርጥ፣ በሁለት እጇ እያሳየች። ሴትየዋ አፏን በሻሿ ሸፈነች።

ምን እንዳለቻት አልገባኝም። ሁለቱም ግን እየሳቁ ነበር የወጡት።